የዳለቻው እናት ምጥ

ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው የከብት ማርቢያ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። በረት ውስጥ የቆሙ ስድስት ወይፈኖች አሳይተውኝ «ከነዚህ የትኛው ለዘር ይቅር?» አሉኝ። ዞሬ አየኋቸውና አንዱን አመለከትኩ።

«ለምን እሱ?»

«ሲራመድ የኋላ እግሩ የፊቱን ዱካ ይረግጣል።»

ኃላፊው ውጭ አገር የተማሩ የከብት ሐኪም ነበሩ። ከወረቀታቸው ቀና ብለው «ይህን ማን አስተማረህ?» አሉ። «ዓይኔ» አልኳቸው።

አስኳላ አልገባሁም። ቁጥር ማንበብ የተማርኩት በከብቶቹ ጆሮ ላይ ከተንጠለጠለው ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ በሦስት ዓመት ውስጥ ከገመድ ያዥነት ወደ ኮርማ መራጭነት ደረስኩ። ሌላው የወይፈኑን ደረት በሜትር ይለካል፤ እኔ በክንዴ አቅፌ የምናገረው ከሜትሩ ሁለት ጣት አይርቅም ነበር። ከዚያ ሰኮና፣ ወገብ፣ የቆለጥ መጠን፣ ጠባይ አያለሁ። የተመረጠው ለመንጋው ይቀራል፤ ያልተመረጠው በቡርዲዞ ይኮላሻል። ቡርዲዞ እጀታው ረጅም የሆነ ትልቅ ጉጠት ነው። ቆዳውን ሳይቆርጥ የውስጡን ሥር ይጨፈልቃል። አንዴ ከተጨፈለቀ መመለሻ የለውም። እሱንም የምጨምቀው እኔ ነበርኩ።

አንድ ዓመት ምርጫው በሁለት ወይፈኖች ላይ ቀረ። አንዱ ዳለቻ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አጥንቱ ወፍራም ነው። ሌላው ቀይ፣ መካከለኛ፣ ዓይን የማይሞላ። አላመነታሁም፤ ዳለቻውን መረጥኩ።

የላሞቹ እረኛ ኦቦ ቶሎሳ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ የካራ ሰው ነበሩ። አጥሩን ተደግፈው «ስማ ልጄ፣ ዳለቻው ሲወለድ እዚህ ነበርክ?» አሉኝ።

«አልነበርኩም።»

«እኔ ነበርኩ። እናቱ ሁለት ቀን አምጣ፣ በአራት ሰው ጉልበት ነው የወጣው። የቀዩ እናት ግን ሣሯን እየጋጠች ዱብ አደረገችው።»

«ኦቦ ቶሎሳ፣ እኔ ኮርማ መራጭ እንጂ አዋላጅ አይደለሁም!»

ገመድ የያዙት ሠራተኞች ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። «እሺ፣ አዋላጅ አትሁን። ቀዩን ግን እስከሚመጣው ዓመት ከነቆለጡ ተወው። አይበላህም!»

አልተውኩትም። ሁለቱንም ማቆየት ምርጫዬን መጠራጠር መሰለኝ። በዚያው ቀን ቀዩን አስጣልኩና ቡርዲዞውን ጨመቅሁት።

ጣቢያው የአካባቢው ሰው ላሙን አምጥቶ በኮርማው እንዲያስጠቃ ይፈቅድ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ያላቸው አንዲት ቡሬ ጊደር ናት፤ ለቤታቸው ወተት ተስፋቸው እሷ ብቻ ነበረች። ኮርማ የፈለገች ቀን ወደ ጎረቤት ኮርማ ሲነዷት በራችን ላይ አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው ኦቦ ቶሎሳ? የገዛ እረኛችሁ ኮርማችሁን ናቀ ሊያሰኙኝ ነው?»

«ትንሽ ናት እኮ ልጄ።»

«እሷ ብታንስ ጥጃዋ ይተልቃል!»

ጊደሯን አቆሙ። «አንተን ሰው ፊት ማሳፈር አልፈልግም» አሉና ገመዷን ሰጡኝ።

የጣቢያው ትልልቅ ላሞች ከዳለቻው በጭንቅም ቢሆን ወለዱ። ጥጆቹን ያየ ሁሉ አደነቀ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ የቡሬ ቀን ደረሰ።

ጠዋት ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ። ጓሯቸው ስደርስ የጥጃው ሁለት እግሮች ወጥተዋል፤ ራሱ ግን አልመጣም። ሐኪሙ ለሥራ ርቀው ሄደው ነበር። ክንዴን በሳሙና አሽቼ አስገባሁ። ግንባሩ የዳሌዋ አጥንት ላይ ተቀርቅሯል። እግሮቹን በገመድ አስረን አምስት ሆነን ጎተትን። እኩለ ቀን ላይ ጥጃው ሞቶ ወጣ። ትከሻው እንደ አባቱ ሰፊ ነበር። ቡሬ ግን መነሳት አቃታት። ፀሐይ ወደ እንጦጦ ስታዘነብል ሞተች።

ኦቦ ቶሎሳ ግንባሯን እያሻሹ «ኮርማውስ ቆንጆ ነው፤ ምን ያድርግ» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ሲመለሱ «ዳለቻው ይቀየር» አልኳቸው።

«በማን?»

ወደ በረቱ ዞርኩ። ቀዩ በረት ውስጥ ቆሞ ያመነዥካል።

ቀዩ ለኦቦ ቶሎሳ እንዲሰጣቸው ለመንኩ፤ ተፈቀደልኝ። እስኪያረጅ ድረስ አረሱበት። በካራ ባለፍኩ ቁጥር ከእርሻው ውስጥ ሆነው «ና፣ ያኮላሸኸውን ሰላም በለው!» ይሉኝ ነበር። ሰውየው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ በሬ አይታለብም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ኮርማ መርጫለሁ። የተማሩት ሳይቀሩ አስጠርተው ያስመርጡኝ ነበር፤ ማንም አይክደኝም። የቡሬን ያህል የማስታውሰው ግን የለም።

እዚህ ሥራ የምትገቡ፣ ኮርማውን ከማየታችሁ በፊት ሲወለድ አጠገቡ የነበረውን ሰው ጠይቁ። ሰውየው ሲመልስላችሁም ቡርዲዞውን መሬት አስቀምጡት።