የሚያቃስተው ወፍጮ

ማለዳ ከደብረ ብርሃን ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ መፍቻዎቼና በጨርቅ የጠቀለልኩት የነሐስ ቡሽንግ ነበሩ። ቡሽንግ የሚሽከረከር ዘንግ አቅፎ ይዞ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚያደርግ ቀለበት ነው፤ እሱ ከተበላ ማሽን ይጮኻል። የምሠራው ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ስለሆነ የቀረጽኩት ራሴ ነኝ። አንኮበር አካባቢ ወፍጮ ያላቸው እትዬ ዘነበች የዘንጉን ውፍረት አስለክተው በስልክ ነግረውኝ፣ "ቶሎ ድረሺልኝ፤ ሰው ሸሽቶኛል" ብለውኝ ነበር።

በመንገድ

ሚኒባሱ የገብስ ማሳዎቹን ካለፈ በኋላ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ያዘግም ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"የዘነበች ባል፣ የጌታነህ ወፍጮ? እሱ ከሞተ ወዲህ ያቃስታል እኮ። እኔ እህሌን ጎረቤላ ከተማ ወስጄ ነው የማስፈጨው።"

"ቡሽንጉ ተበልቶ ነው፣ አባቴ።"

"ይሁን" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። በመስኮቱ ግን ከጉም በቀር የሚታይ አልነበረም።

ወፍጮ ቤቱ

እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። ትኩስ የገብስ ቂጣ አቀረቡልኝና ገና ሳልጨርስ፣ "አስነሺውና ስሚው" አሉኝ።

ማብሪያውን ስጫነው ዘንጉ ዞረ። ከዚያ የታመመ ሰው ማቃሰት የመሰለ ረጅም ድምፅ ወጣ።

"ባለቤቴ በመጨረሻው ሰሞን እንዲህ ነበር የሚያቃስተው" አሉ በለሆሳስ።

ፈታሁት። አሮጌው ቡሽንግ ባንድ ጎኑ ተበልቶ እንቁላል መስሏል፤ የግሪሱ መግቢያም በዱቄት ተደፍኗል። አዲሱን አስገብቼ ሳስነሳው ወፍጮው ያለ ማቃሰት ዞረ። እትዬ ዘነበች አለቀሱም፣ ሳቁም። በር ላይ ቆማ ስታይ የነበረች ጎረቤታቸው ስንዴዋን ልታመጣ ሮጠች። እኔም አጥፍቼው ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

የቆመው ማሽን አቃሰተ።

ማብሪያው ጠፍቷል፤ ዘንጉ አይንቀሳቀስም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ግን ረጅም። እትዬ ዘነበች እጄን ጨብጠው ያዙኝ።

"ጌታነህ..."

ጥዬ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን ድምፁ የመጣው ከቡሽንጉ ሳይሆን ዘንጉን ከሚያዞረው ፑሊ በኩል ነበርና ማዞሪያ ቀበቶውን፣ ቺንጋውን፣ አውልቄ ዘንጉን ጠረግሁት። ከቅባቱ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ዘንጉን ዞሮታል። እየዞረ ቢሰበር ስባሪው የሚወረወርበት ፊት ለፊቱ እትዬ ዘነበች እህል ሲጨምሩ የሚውሉበት ቦታ ነው።

"ዛሬ አይፈጭም" አልኩ።

ጎረቤትየዋ ስንዴዋን ተሸክማ ስትመለስ፣ "ይኸው ዝም ብሎልሽ የለም እንዴ!" ብላ ተቆጣችኝ። እትዬ ዘነበች ግን "አንቺ ያልሽው ይሁን፣ ልጄ" ብለው በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉት።

መልስ

ዘንጉን ፈትቼ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ቶርኖ ቤት ደርሼ የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰርኩትና በመዶሻ ቀስ አድርጌ ነካሁት። ለሁለት ተሰበረ።

ወዲያው ደወልኩላቸው። "ሌላ ዘንግ ሥሪልኝ" አሉ፤ "እኔም መቃብሩ ጋ ሄጄ አመሰግነዋለሁ።"

ብረት ሲቀዘቅዝ ቋ ቋ እንደሚል አውቃለሁ፤ ቆሞ ሲያቃስት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። አሁን ያበጀሁት ማሽን ዝም ሲል መፍቻዬን ቶሎ አልሰበስብም። አጥፍቼው፣ ሰዎቹን ዝም አሰኝቼ፣ አጠገቡ ጥቂት እቆማለሁ።