ሰባተኛው ጥያቄ

ዚነት ስድስቱን ጥያቄ እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ቆቦ ውስጥ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል፣ በሯን ዘግታ ግድግዳውን ፈታኝ አድርጋ ትቀመጣለች፤ «ሥራ ሲደራረብብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ራሷ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ የሚጠይቃት ሰው የት አለና! ሐሙስ አንድ የረድኤት ድርጅት ኢንተርቪው ጠርቷታል። ትሠራበት የነበረው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከተዘጋ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ይሄም ካመለጣት የት እንደምትገባ እሷም አታውቀውም።

ሰባተኛው ግን አልዋጥ አላት። የኢንተርቪው ጥያቄዎች ተብሎ በቴሌግራም የተላከላት ወረቀት፣ «ከሥራ ባልደረባዎ ጋር ተጋጭተው ያውቃሉ? እንዴት ፈቱት? ውጤቱስ?» ይላል። በዕድሜዋ የነበረቻት የሥራ ባልደረባ አንዲት ናት፤ ወለላ። አብረው በልተዋል፣ ዒዱንም ፋሲካውንም አብረው ውለዋል። አንድ ቀን ወለላ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ የመድኃኒት ቤቱን ፍሪጅ ሶኬት ነቅላ ረሳችውና የከብቱ ክትባት እንዳለ ተበላሸ። ዚነት ታዲያ ለጓደኛዋ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቀጥታ ባለቤቱ አቶ አራጌ ዘንድ ሄዳ ተናገረች። ወለላ በማግስቱ ተባረረች፣ አገሯ ዋጃ ገባች። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ሰላምታ እንኳ የለም።

ፈጥራ ማውራት ትችል ነበር፤ ስንቱ ይፈጥር የለ! እሷ ግን ስትዋሽ ፊቷ ያሳብቅባታል። ስለዚህ ጎረቤቷን ሸህ እንድሪስን ሽማግሌ ሆነው እንዲያስታርቋት ለመነቻቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው፤ ከጁምዓ በኋላ ሁለት ሦስት ሰው ይዤ እሄድልሻለሁ አሉ። ጁምዓ ደግሞ ከሐሙስ በኋላ ነው። ረቡዕ ጧት ብቻዋን የዋጃ ሚኒባስ ተሳፈረች። በዚህ አገር በዳይ ያለ ሽማግሌ በተበዳይ ደጅ ዘው ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ወለላ ደጇ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ዚነትን ስታይ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«አፉ በይኝ፣ ወለላ» አለቻት።

ለካ ቃሉን ሦስት ዓመት ተሸክማው ኖራለች፤ እንባዋ ቀደማት። ወለላም አቅፋት አለቀሰች። ውሃ አመጣችላት፣ ንፍሮ አቀረበችላት፣ ስለ እናቷ እያነሳች አጽናናቻት። ሁለቱም ትንሽ ረጋ ሲሉ፣

«ሽማግሌ እንኳ ሳትልኪ፣ ምን አስቸኮለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሞኟ ዚነት ነገረቻት። የነገውን ኢንተርቪው፣ ሰባተኛውን ጥያቄ፣ አንድም ሳታስቀር። እውነቱን መናገር እርቁን የሚያጠብቅላት መስሏት ነበር። ወለላ ሰፌዷን አነሳች። አፉ ብያለሁ አለች፣ ዓይኗን ከማሽላው ሳትነቅል፤ መኪና እንዳያመልጥሽም አለቻት።

ሐሙስ ጥያቄው መጣ። ዚነት ከሶኬቱ ጀምራ እስከ ዋጃው ደጃፍ ተረከችላቸው። ውጤቱስ ሲሏት፣ ይቅር ብላኛለች አለች። ከፊቷ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ደስ ብሏቸው ጻፉ። ለሰባተኛው እንዲህ ያለ መልስ ከማንም አልሰሙም ይሆናል።

በሳምንቱ ደውለው ማለፏን ነገሯት። ደስታው ጠባቧን ክፍል ሞላት፤ ግን ለማን ይነገራል? ስልኳን ከላይ እስከ ታች ብታገላብጥ፣ ልንገራት ብላ ልቧ የሄደው ወደ አንዲት ሰው ብቻ ሆነ። ደወለች። ወለላ አነሳች፤ እንደምን ዋልሽ እንኳ አላለችም።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«እሰይ፣ ይቅናሽ። እንግዲህ ከኔ የምትፈልጊው የለም።»

«አለ እንጂ፣ አንቺኑ ነው የምፈልገው» ልትል አፏን ስትከፍት ስልኩ ተዘግቷል። መልሳ ደወለች። ደግማ ደወለች። ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።