የጋሼ ተወልደ ቫን ቤንዚን የማትጠጣበት ምክንያት

የዚያን ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማርልቦሮ ሰፈር ያለ ማደያ ቆመናል። ጋሼ ተወልደ ጎንበስ ብለው የቫኔን ታንክ አፍ በባትሪ ያያሉ... እስከ ጫፉ መሙላቱን ለማረጋገጥ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እየፈሰሰ እኮ ነው!»

«ይፍሰስ። ውድድር ውድድር ነው።»

ጊዜው ዘጠናዎቹ ነው፣ ካልጋሪ። እኔም ጋሼም አልጋና ምድጃ ያላቸው አሮጌ ካምፐር ቫኖች ነበሩን፤ ያውም የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዓመት ሥሪት። ካምፐር ያለን ሐበሾች እሁድ እሁድ የገበያ ማዕከሉ ፓርኪንግ ላይ እንሰበሰብና አንድ ወሬ ብቻ እናወራለን... የማን ቫን በሊትር ስንት ትሄዳለች።

ጋሼ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። የቫናቸው የነዳጅ ጌጅ ከሞተ ዓመታት ስለሆነው የቀዱትን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ታዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር ደብተሩን ገልጠው «በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር!» ይሉናል። የእኔዋ ስድስት ተኩል! ካርቡሬተር አስጠረግኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ጎማ አስነፋሁ... ያው ስድስት ተኩል። አንጀቴ ድብን ይላል።

እሳቸው ደግሞ ሰው ፊት «ልጄ፣ መኪናዋ አይደለችም፣ እግርህ ነው» ይሉኛል። አንድ እሁድ ደሜ ፈላና «እንወዳደር! ከተሸነፍኩ እሸጣታለሁ፣ አባቴ ይሙት!» ብዬ ማልኩ። አፌን በቆረጠው!

ያቺ ቫን ለእኔ ዝም ብላ መኪና አልነበረችም። ከሰናይት ጋር ስንጋባ ጫጉላችንን ያሳለፍነው እሷ ውስጥ ነው፣ ባንፍ ጫካ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ጣራውን እየደበደበው። መጋረጃዎቿን በእጇ የሰፋቻቸው ሰናይት ናት። ቫኗን እወዳት ነበር በቃ።

ውድድሩ እስከ ኤድመንተን ሆነ፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር። ማጭበርበር እንዳይኖር ታዛቢ ተለዋወጥን። ሚስቴ ሰናይት ከጋሼ ጋር ተሳፈረች፣ የጋሼ ባለቤት እትዬ አልጋነሽ ደግሞ ከእኔ ጋር። መንገዱን ሙሉ ፔዳሉን በአውራ ጣቴ ብቻ ነው የነካሁት። በዚያ ሙቀት መስኮት እንኳ አልከፈትኩም።

«ልጄ፣ ታፈንኩ እኮ» አሉኝ እትዬ።

«ይቻሉት እትዬ፣ ንፋስ ቤንዚን ያስበላል።»

መሃል መንገድ ላይ፣ ሬድ ዲር ከተማ ያለ ማደያ አረፍ አልን። ጋሼ መስታወታቸው ላይ የተለጠፈውን ትንኝ ሊያጥቡ ፓምፑ አጠገብ ፓርክ አደረጉ፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት ገቡ። እትዬ በበኩላቸው አስር ዶላር አውጥተው «ቤንዚን ቅዳበት፣ የሰው መኪና ባዶ እጄን አልሳፈርም» ብለው ኪሴ ውስጥ ሊከቱ ታገሉኝ። «እንዴት ተደርጎ! አይሞክሩት!» እያልኩ በስንት ግብግብ መለስኩላቸውና ደግፌ ወደ ማደያው ሱቅ አስገባኋቸው።

ኤድመንተን ደርሰን ሁለታችንም እንደገና ሞላን። የእኔዋ አርባ ስድስት ሊትር ጠጥታለች። የጋሼ... ሃያ ሰባት!

ጋሼ ራሳቸው አላመኑም። ሁለቴ አካፈሉት። «አስራ አንድ!» አሉ፣ እንባ ባይናቸው ሞልቶ።

«ሰናይት፣ መንገድ ላይ ምንም አላየሽም?» አልኳት።

«ኧረ ምንም! ጋሼ በጣም ነው በሥርዓት የሚነዱት።»

ምን ይባላል? በማግስቱ ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ተመለስን፣ «ፎር ሴል» የሚል ወረቀት መስታወቷ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ሰናይት አጠገቤ ቆማ መጋረጃዎቿን እያየች ታለቅሳለች።

«ደግሞ ጋሼን እንዳትቀየማቸው» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠራረገች። «ምን አጠፉ? እኔም ብሆን እንደ ባለጌ ዝም ብዬ አልተሳፈርኩም፤ ሬድ ዲር ላይ እሳቸው ሽንት ቤት ሲገቡ የአስር ዶላር ቤንዚን ቀድቼላቸዋለሁ።»

የምለጥፍበት ፕላስተር ከእጄ ወደቀ።

«ምን አደረግሽ?»

«ምነው? የሽማግሌ መኪና በነፃ ልሳፈር?»

«ታዛቢ እኮ ነበርሽ!»

«ታዲያ እኔ ኪሎ ሜትሩን መች ነካሁት?»

ያኔ በአስር ዶላር አስራ ዘጠኝ ሊትር ይቀዳል። እስኪ ሃያ ሰባቱ ላይ ደምሩት... አርባ ስድስት! እኩል ነበርን ሰዎች፣ እኩል! ያ «ዘጠኝ ኪሎ ሜትር» የሚሉት ነገርም ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ለካ ጋሼ ቸርች ያደረሱት፣ ሆስፒታል የወሰዱት ሐበሻ ሁሉ ዞር ሲሉ እየቀዳላቸው ኖሯል!

ሮጬ ገብቼ ስልኩን ሳነሳ ሰናይት ቀማችኝ።

«ለሽማግሌ የቀዳሁትን ቤንዚን ልትናገር? ነውር አታውቅም? ብትነግራቸው እኔና አንተ አንተያይም!»

«ቫኗ ልትሸጥ ነው እኮ!»

«ትሸጣ! በሰው አፍ ከምገባ ትሸጥ!» አለችና እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

በዚህ መሃል ስልኩ ራሱ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ ስሰማ ልትሸጣት ነው አሉ። ተው፣ መሃላህን እኔ አንስቼልሃለሁ። የተሸነፈችው እሷ አይደለችም፣ እግርህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእኔ ቫን እየወሰድኩ አስተምርሃለሁ።»

ሰናይት በዓይኗ ትለምነኛለች። ጥርሴን ነክሼ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ።

ቫኗ በዚህ ተረፈች። እኔ ግን ከአስራ አምስት ዓመት በላይ መኪና የነዳሁ ሰውዬ ያን ሰመር ሙሉ ከጋሼ ጎን ተቀምጬ፣ ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ በስድሳ እየተንፏቀቅን፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋብን፣ ፔዳል አረጋገጥ ተማርኩ።

ኦገስት መጨረሻ ላይ ጋሼ ደብተሩን አምጥተው ዘረጉልኝ። አስራ ሦስት ኪሎ ሜትር በሊትር!

«አየህ፣ አንተን ሳስተምር እኔም ተሻሻልኩ» አሉኝ በኩራት።

ምን ላድርግ? በየቅዳሜው ማደያ ቆመው ጋዜጣ ሊገዙ ሲገቡ፣ የእሳቸውን ታንክ እሞላ የነበርኩት እኔው ራሴ ነኝ... የሰው መኪና ባዶ እጅ ይሳፈራል እንዴ?