የአያ ዘውዱ ማረሻ ለምን አልነሳም?

ሸሕዲ ከተማ፣ ኡስታ ዓለሙ ጋራዥ የገባሁ ቀን ፓምፕ ልፈታ ነበር የሄድኩት። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምስክር ወረቀቴን በፕላስቲክ ሸፍኜ ይዤ ነበር። «ኡስታ» የምንለው ገዳሪፍ ሠርቶ ስለመጣ ነው፤ ሱዳኖቹ የእጅ ባለሙያን እንዲያ ይጠሩታል። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየው። ጀርባው ባዶ ነበር።

«ትራክተር ማረሻውን አላነሳም ቢልህ መጀመሪያ ምን ትፈታለህ?» አለኝ።

«ፓምፑን» አልኩ ቶሎ ብዬ፤ ማንሻውን በዘይት ግፊት የሚያነሳው እሱ ነው።

«አህያ ከተኛችበት አልነሳ ስትል እግሯን ትፈታለህ? ጭነቷን ነው የምታየው!» አለና መጥረጊያ ሰጠኝ።

የገበሬ ተረት መስሎኝ ነበር። ሦስት ወር ጠረግኩ፣ ከዚያ ረዳት ሆንኩ፣ ከዚያ ሜካኒክ። ኡስታ ዓለሙ ዕድሜው ገፍቶ ጎንደር ልጆቹ ጋ ሲጠቃለል ጋራዡ ለእኔ ቀረ። «ኡስታ» የሚለውም ስም አብሮ ቀረልኝ። ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አያ ዘውዱ የሚባሉ ሰሊጥ አራሽ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩኝ። ለጓሮ አትክልት የተሠራች አንዲት ትንሽ ትራክተር አለቻቸው። በእሷ አንድም ቀን አትክልት አልተከሉም፤ ጥቁር ዋልካ መሬት ነው የሚያርሱባት። የኪራይ ትራክተር ተራ መጠበቅ ሰልችቷቸው፣ በሬዎቻቸውን ሸጠው ነበር የገዟት።

ሐምሌ እንደገባ ጋራዤ መጡ።

«ልጄ፣ አላነሳም አለችኝ። ማረሻው እማሳው ላይ ቀርቷል፤ እሷን ብቻ ይዤ መጣሁ» አሉኝ።

ዝናቡ ጀምሯል። ሰሊጥ ጊዜው ካለፈ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ዋልካው ውሃ ከጠገበ ደግሞ ትራክተር አያስገባም። በሬ ደግሞ የላቸውም።

ሞተሩን አስነስቼ የማንሻውን እጀታ ሳብኩ። ማረሻው የሚንጠለጠልባቸው ክንዶች ሽቅብ ወጡ። ከረዳቴ ጋር ሁለት ሆነን ቆምንባቸው፤ እኛንም አነሱን።

«ደህና ናት እኮ፣ አያ» አልኳቸው።

«እኔም ሐኪም ፊት ስቀርብ አያመኝም» አሉ።

ባዶ እጅ መሸኘት ስለማይሆን ዘይቱን ለካሁ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ። በማግስቱ ተመለሱ። ነገሩ አልሸሹም ዞር አሉ ሆነ።

«ታፏጫለች እንጂ አታነሳም» ብለው ከንፈራቸውን አሹለው ፉጨቱን አሰሙኝ።

ድምፁን አወቅኩት። ትርፍ ግፊት የሚለቀው ቫልቭ ነው። ይህ ቫልቭ የሚያፏጨው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ እሱ ደክሟል፣ ወይ ጭነቱ ከአቅም በላይ ሆኗል። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። የሚፈታው እሱ ነዋ።

ቫልቩን ፈታሁ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ፣ ፓምፑንም ፈታሁ። ዘይት እንዳያልፍ የሚይዙትን ጎሚኒዎች በሙሉ ቀየርኩ። አንዷ ሸሕዲ ስላልተገኘች ከመተማ ዮሐንስ በሚኒባስ እስክትመጣ ሁለት ቀን አለፈ። አያ ዘውዱ በሩ ላይ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን አብሬያቸው ማሳው ድረስ ወረድኩ። ማረሻውን አያይዘን እጀታውን ሳብኩ። ቫልቩ አፏጨ፤ ማረሻው ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ከትራክተሯ ወርጄ ማረሻውን ራሱን አየሁት። አፈሩን የሚገለብጡትን ክብ ዲስኮች የሚሸከመውን ወፍራም ቱቦ በመፍቻ መታ መታ አደረግኩት። ውስጡ ባዶ ስለሆነ እንደ ደወል መጮህ ነበረበት። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠኝ።

«አያ፣ ይሄ ቱቦ ውስጥ ምን አለ?»

«አሸዋና ቁርጥራጭ ብረት ነዋ። በያጁ ጄኔሬተሩን ይዞ እዚሁ ድረስ መጥቶ፣ ጥቅጥቅ አርጎ ሞልቶ አፉን በየደልኝ።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?»

«መቼ ጠየቅከኝ? ደግሞስ ያንተኑ ምክር መልሼ ላንተ እነግርሃለሁ?»

«የኔን ምክር?»

«አምና ማረሻው ዋልካውን አልነክስ አለ፣ ላይ ላዩን ይንሸራተታል ብልህ፣ ‹ክብደት ይጨምሩበት› አላልከኝም? ዘንድሮ ማረስ ልጀምር ስል ጨመርኩ።»

ብዬ ነበር። የሌላ ሰው ሞተር ውስጥ አንገቴን ቀብሬ፣ ቀና እንኳ ሳልል ነበር ያልኳቸው። ስንት ኪሎ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። አፈርኩ። ያን ዕለት ያፈርኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ አፍሬ አላውቅም።

የተበየደውን አፍ በመዶሻና በመሮ ከፈትነው። አሸዋው ርሶ ስለነበር በሽቦ እየጎረጎርን አወጣነው። ተራግፎ ሲያልቅ እጀታውን ሳብኩ። ማረሻው ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ። አዲሱ ፊልትሮና አዲሶቹ ጎሚኒዎች ለዚህ ያደረጉት አንዳች አስተዋጽኦ የለም።

ዋልካው በዝናቡ ለስልሶ ስለነበር ማረሻው ያለ ክብደቱም ነከሰ፤ አያ ዘውዱ የዚያኑ ዕለት የላይኛውን ግማሽ አርሰው ዘሩ። በማግስቱ ዝናቡ ወረደ፣ የታችኛው ግማሽ ውሃ ተኛበት። ትራክተሯን ሞክረናት ገና ከዳር ሰጠመች።

«በሬ ቢሆን ይገባ ነበር» አሉ፣ እኔን ሳይሆን መሬቱን እያዩ።

ያ ግማሽ ማሳ ያን ዓመት ጦሙን አደረ።

ዛሬ ሥራውን ትቼ መፍቻዬን አስቀምጫለሁ። እዚህ ቆላ ትራክተር ለምትጠግኑ የምለው ይኸው ነው። ማንሻ አላነሳም ሲላችሁ ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት የተንጠለጠለበትን እዩ። ለገበሬ «ክብደት ይጨምሩበት» ስትሉ ደግሞ ኪሎውን ንገሩት፤ ያላችሁትን ያደርገዋል።