የተከበበው ተራራ ካርታ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደን ውጤት በምንጠብቅበት ክረምት፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አራት ሆነን የምንጫወትበት አንድ የምናብ ሀገር ነበረን። ከእኔ ሌላ የክፍል ጓደኛዬ፣ ታላቅ ወንድሟና አንድ የጎረቤታቸው ልጅ ነበሩ። ወንድሟ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የጨዋታ መጽሐፍ ከስልኩ እያነበበ በአማርኛ ይተርክልናል፤ እኛ ደግሞ አንዳችን ወታደር፣ አንዳችን ጠንቋይ፣ አንዳችን ነጋዴ ሆነን ምን እንደምናደርግ እንነግረዋለን። መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው የሉዶ ዳይስ ነው። የምንሰበሰበው እናታቸው ጨርቅ ከሚሸጡበት ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር።

መጽሐፉ ስለዚያ ሀገር፣ ስለ ሐይቁና ከብበን ልንይዘው ስለሚገባን የተራራ ምሽግ ብዙ ያወራል፤ ካርታ ግን የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ በርቀት እንጨቃጨቃለን። የጎረቤታቸው ልጅ ከሐይቁ ተነስቶ ምሽጉ ጋ በግማሽ ቀን እደርሳለሁ ሲል፣ ጓደኛዬ ዳገቱን በርረህ ልትወጣው ነው እንዴ እያለች ትስቅበታለች። አንድ ቀን ነገሩ እውነተኛ ኩርፊያ ሆነና ወንድሟ ስልኩን ዘጋ። ሌላ አንድ ጊዜ እንኳ ከተጣላችሁ ጨዋታውን እተወዋለሁ አለን። ሲናገር ቀልድ አልነበረውም። እኔ ደግሞ ወደየዩኒቨርሲቲው ከመበተናችን በፊት ያንን ጨዋታ ማጣት አልፈለግሁም። ካርታውን እኔ እሠራዋለሁ አልኩ።

ጂኦግራፊ ስንማር ስለ ኮንቱር ተምረናል፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው። መስመሮቹ ሲቀራረቡ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ ማለት ነው። መጽሐፉን ደጋግሜ አንብቤ፣ ወንዞቹ ወዴት እንደሚፈሱ ሳይቀር አስቤ፣ በትልቅ ነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሣልኩ። ሐይቁ አላስቸገረኝም፤ የእኛን አካባቢ የአርዲቦን ሐይቅ ከኮረብታ ላይ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ለምሽጉ ተራራ ግን በጣም ተጠነቀቅሁ። ዙሪያውን መስመሮቹን አጠጋግቼ ደረደርኳቸው፣ አናቱን ሰፊ ሜዳ አደረግሁት፣ አንድ መውጫ ብቻ ተውኩለት። ሰው የሚኖርበት ስለሆነም እርሻና ምንጭ ጨመርኩበት።

ወረቀቱን ስዘረጋው ሁሉም ጎንበስ አሉ። ሁለቱ ተጨቃጫቂዎች ወዲያው በጣታቸው መንገድ መለካት ጀመሩ፤ ተስማሙም። ወንድሟ ግን ጣቱን በምሽጉ ተራራ ዙሪያ አዞረ።

«ጫፉ የታለ?» አለኝ።

አናቱን አሳየሁት።

«ይኼማ ሜዳ ነው። መጽሐፉ ሹል ነው ይላል፤ ከግንቡ በቀር ድንጋይ ብቻ።»

ያንን ዓረፍተ ነገር አንብቤው ነበር። ነገር ግን ተራራ ሲባል በዓይኔ የሚመጣው አምባሰል ነው፤ ግሸንም ቢሆን ገደሉን ከወጡ በኋላ ሰው የሚኖርበት ሜዳ አለው። ሹል የሚለውን ቃል እያየሁ አልፌዋለሁ። እሱ ግን ስንት ጊዜ የደከመበትን ከበባ እያሰበ ነበር። በእሱ ታሪክ የተከበቡት ሰዎች ተርበው በሩን ይከፍቱልናል። በእኔ ካርታ ግን እነሱ ከላይ እያረሱ ይበላሉ፤ የምንራበው ከታች ያለነው ከባቢዎቹ ነን። ጨዋታውን ላድን ብዬ እኔው ራሴ ያፈረስኩት መሰለኝና ላጲስ አነሳሁ።

ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ። «ወላሂ አታጠፊውም» አለችና ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተስ ስታነበው ሹል ሆኖ ነው የታየህ?»

ወንድሟ እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም በበሩ ከብት ወደ አናቱ ሜዳ ሲገባ ነበር የሚታየኝ» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «አብሽሪ፣ ላጲሱን አስቀምጪ። እናንተ ከታች ያላችሁት ምን እንደምትበሉ ግን እኔ አላውቅም» አለኝ።

እኛም ከተራራው ሥር ልናርስ ተነሳን፤ የጎረቤታቸው ልጅ የእሱ ወታደር ጦሩን ሸጦ በሬ እንዲገዛ ወሰነ፤ ጓደኛዬ በጥንቆላዋ ዝናብ ልታመጣ ቃል ገባች። ጭቅጭቁ የቱ ማሳ ለገብስ ይሻላል የሚል ሆነ፤ ማንም አላኮረፈም። ከላይ ያሉት ጠላቶቻችን ደግሞ በወንድሟ ድምፅ በጠማማ ትልማችን ቁልቁል ያሾፉብን ነበር። ውጤት እስኪወጣ ድረስ ምሽጉን አልያዝነውም፤ ገብሱን ግን አጨድን።