የአክስቴ ሁለተኛ ዓይን

አክስቴ ጡረታ ከወጣች ወዲህ አገር ማየት አማራት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ላይ ስለምንኖር ጣጣው ለኔ ተረፈ። በገደሏና በሠዓሊዎቿ የምትታወቅ አንዲት የተራራ ከተማ በቴሌቪዥን አይታ፣ ካልወሰድሽኝ ብላ ያዘችኝ። አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄድን።

ስንደርስ ከተማዋን ጉም ውጧታል። አፋፉ ላይ ቆመን የምናየው ጫማችንን ብቻ ነበር።

"ነጭ ነገር ለማየትማ ቤቴ ግድግዳ አለኝ" አለች።

እዚያው አጠገባችን ጋቢ የደረበ ሠዓሊ ሥዕሎቹን ድንጋይ አስደግፎ ይሸጣል። ሁሉም ጉሙ የደበቀብን ገደል ናቸው። አክስቴ ትልቁን መረጠችና ከኋላዋ አስይዛው ፎቶ አንሺኝ አለችኝ።

"እጅህን ደብቅ፤ ተራራ እጅ የለውም" አለችው።

እጁን ደበቀ። ፎቶው ላይ ግን ከተራራው ሥር ሁለት ቦት ጫማ ይታያል።

በዚህ ተግባቡና "እርስዎንም ልሣልዎት" አላት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደማይታየው ገደል ዞራ ተመሰጠች። ሥዕሉ ሲያልቅ እኔ ወደድኩት። እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ።

"አንድ ዓይን ነው እንዴ ያለኝ?"

"በጎን ስለሆነ ነው፣ እናቴ። ሌላው ወዲያ ማዶ ነው።"

"ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ማነው?"

ሠዓሊው ብሩሹን እያየ "ሰይጣን" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያው ጨምርልኝ።"

"ቦታ የለም እኮ።"

"ከጆሮዬ ወዲህ ሰፊ ነው።"

ጨመረላት። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ጉንጭ ላይ ተደርድረው፣ አንዱ ገደሉን፣ አንዱ እኔን ያያል።

"አሁን ሰው መሰልኩ" አለች።

ስንመለስ ወደ ጀሞ በሚሄደው ሚኒባስ ሥዕሉን ጭኗ ላይ አቁማ ያዘችው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ገና መንገዱን ሳናጋምስ "ወራጅ አለ" ብሎ ወረደ።

ሥዕሉ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቀለ። በሳምንቱ የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት መጥተው ፊቱ ቆሙ። ቀረብ አሉ፤ ራቅ አሉ።

"ይህቺ ማን ናት?"

"እኔ ነኝ፣ አባ።"

ዞረው እሷን አዩ፤ ደግመው ሥዕሉን አዩ።

"እግዚአብሔር ይማርሽ" አሉና ሁለቱንም ጠበል ረጯቸው።

ቀለሙ በትንሹ ወረደ። አክስቴ ግን ሥዕሌ ተባረከልኝ ብላ ለብሎኩ ሁሉ አወራች፤ በጋ ሳይወጣ ጉዞውን እንድንደግመውም አሁን እየጨቀጨቀችኝ ነው።