ድርቄና ሽማግሌው ማክ

ድርቄ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት እናቷ ናቸው። ልጅ ሳለች አንዴ አልፈልግም ካለች ቢለምኗትም ቢቆጧትም ፍንክች አትልም ነበርና፣ «ይህቺ ልጅ ድርቅ ብላ ነው የተፈጠረችው» አሉ፤ በዚያው ቀረ። አድጋ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል የኮምፒውተር ፕሮግራም ስትጽፍም ድርቄ ነበረች። አባቷም የዋዛ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ የመኪና መውጫ ሰዓት በድምፅ ማጉያ ሲያስታውቁ ኖረዋል፤ እሳቸው ሳይናገሩ ሞተሩን የሚያስነሳ ሾፌር አልነበረም። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ለእነሱ ነው።

አባቷን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ሲያዝ፣ ድርቄ ሥራዋን ለቅቃ እቤት ገባች። ሐሳባቸው ሙሉ ነው፤ ቃሉ ግን አልወጣ ይላል። ውሃ ሲሹ ትራስ ይመጣላቸዋል፣ ትራስ ሲሹ መስኮት ይከፈትላቸዋል። ይህን አይታ፣ ሥዕል ሲነኩ ቃሉን በድምፅ የሚናገርላቸው የስልክ መተግበሪያ ጻፈች። አንዴ ተጽፎ በአንድሮይድም በአይፎንም እንዲሠራ አድርጋ ነበር የጻፈችው። በሴት ድምፅ መናገር እንደማይሹ ፊታቸውን በማዞር ስላስታወቁ፣ ቃላቱን ታላቅ ወንድሟ አነበበላት። ድምፁ ቁርጥ አባቱን ነው።

አንድሮይዱ ላይ ወዲያው ሠራ። አባቷ ግን ስልኩን በግራ እጃቸው ገፍተው ከጠረጴዛው ጣሉት። እጃቸው የለመደው ልጃቸው ድሮ የሰጣቸውን አይፎን ነው፤ ከእሱ ወዲያ ላሣር። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ለአይፎን የሚሆን መተግበሪያ የሚሰናዳው በማክ ኮምፒውተር ነው፤ ድርቄ ያላት ደግሞ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ተራ ላፕቶፕ ነው።

ወንድሟ በአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ድርጅት የክፍል ኃላፊ ነበር። አዲስ ማክ ላፕቶፕ ግዢ፣ ካልቻልሽ አባባን አንድሮይድ አስለምጃቸው አላት። እንደማትችል እያወቀ መናገሩ ከነገሩ በላይ ከነከናት። በማግስቱ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሱቅ ሄደች። ጠጋኙ ከመደርደሪያ ሥር አንድ አሮጌ ማክ ጎትቶ አወጣላት፤ ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ መጠኑ ከምሳ ዕቃ አይበልጥም። ሰውየው ሐቀኛ ነበርና እንቅጩን ነገራት፦ ይህ ዕቃ አዲሱን ሲስተም አይቀበልም፤ ጽፈሽ ትሞክሪበታለሽ እንጂ የመተግበሪያ መደብሩ በዚህ የተሠራ አይቀበልሽም።

«እስከሚችልበት ድረስ ይውሰደኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በእግሬ እሄደዋለሁ» አለችው።

ጠጋኙ ሳቀ። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አለና ማኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት።

ማኩን ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘችው። እናቷ ዜና ማየት ቀርቶባቸው አጉረመረሙ፤ ግን ሶኬቱን ማንም እንዳይነቅለው የሚጠብቁትም እሳቸው ሆኑ። የአባቷ ስልክም አሮጌ፣ ማኩም አሮጌ ስለነበሩ ሁለቱ ሽማግሌዎች ያለ ጭቅጭቅ ተግባቡ። መተግበሪያው ስልኩ ላይ ገባ። አባቷ መጀመሪያ «ውሃ» አሉ፣ ቀጥሎ «ሬዲዮ»፣ ቀጥሎ «ዝም በሉ»። እናቷ እየሳቁ አለቀሱ።

በሳምንቱ መተግበሪያው አልከፈት አለ። ለሙከራ ብቻ የተጫነ ዕድሜው አጭር ነው፤ የሚዘልቀው በመደብሩ በኩል ሲወጣ ነው። ድርቄ እንደገና ጫነችው፣ እንደገና ተዘጋ። አባቷ የማይሰማቸውን ስልክ ደጋግመው ሲጫኑ ማየት አቃታት።

ወንድሟ ይህን ሲሰማ ደስ እያለው መጣ። ድርጅቱ አዳዲስ ማኮች አሉት፣ በመደብሩም የተከፈተ አካውንት አለው። መተግበሪያው በድርጅቱ ስም ይውጣ፣ ባለቤትነቱም ለድርጅቱ ይዙር፤ በአንድ ቀን ያልቃል አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያግዛት መስሎታል። ድርቄ መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት፣ በዚያው ዕለት ጠዋት መተግበሪያው እንደገና የተጫነበት ስልክ ከአባቷ ጭን ላይ ቀድሟት ተናገረ።

«እምቢ።»

ድምፁ የራሱ የወንድሟ ነበር። አባቷ ልጃቸውን ትክ ብለው እያዩ ደገሙት። ወንድሟ መጀመሪያ ሊስቅ ፈለገ፣ ከዚያ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ኮቱን አንስቶ ወጣ።

የቀረውን መንገድ ድርቄ ብቻዋን ሄደችው። ሩቅ አገር የተቀመጠን አዲስ ማክ በኢንተርኔት በሰዓት መከራየት እንደሚቻል አወቀች። እቤቷ በአሮጌው ትጽፋለች፣ ትሞክራለች፤ የመጨረሻውን ማሰናዳት ብቻ በኪራዩ ላይ ትሠራለች። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ እሷ የማውዙን ቀስት ወደ ቀኝ ትጎትታለች፣ ቀስቱ አስቦ አስቦ ይከተላታል። አካውንቱን በገዛ ስሟ ከፈተች። የኪራዩ ማክ አዲስ ስለሆነ አሮጌ ስልኮችን ረስቶ እንዳይዘጋባት፣ የአባቷ ዓይነት ስልክም እንዲቀበለው አስተካከለችና ላከች።

ተመለሰባት። መተግበሪያው አዲስ ቃል ለመቅዳት ማይክሮፎን ይጠይቃል፣ ለምን እንደሚጠይቅ ግን አይናገርም ተባለች። ለመናገር የተሠራ ነገር አልተናገርክም ተብሎ መባረሩ አሳቃት፤ ሳቋ ግን የንዴትም ነበር። ምክንያቱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፋ መልሳ ላከችው። አለፈ።

ወንድሟ ከመደብሩ አውርዶት ኖሮ ደወለላት። ይቅርታ አላለም፤ «ከፊደሎቹ መጠን ጀምሮ ጥሩ ነው» ብቻ አለ። እሷም አመሰግናለሁ ብላ ስለ ድርጅቱ አንድም ቃል ሳታነሳ ስለ አባታቸው መድኃኒት አወራችው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣል።

አባቷን ለእንቅስቃሴ ሕክምና በምትወስድበት ክፍል አንዲት አንደበቷ የተያዘ የልብስ ነጋዴ ነበረች። ልጇ መተግበሪያውን በአይፎኗ ላይ ጫነችላት። ሴትዮዋ በመጀመሪያው ቀን ባለሙያውን «ያማል» ብላ እጁን አስነሳችው፤ ከዚያ በፊት እንደማያማት ያስብ ነበር። ባለሙያው ተገርሞ ይህን የሠራው የትኛው ድርጅት እንደሆነ ድርቄን ጠየቃት።

«የማንም ድርጅት አይደለም» አለችው የአባቷን ጫማ እያሰረች። «እኔ ነኝ የሠራሁት። የጎደለ ቃል ካለ ለእኔ ንገረኝ።»

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ይነግራት ጀመር።